ከመሣሪያው ጀምሩ፦ የዘማቾችን የንዑስ መትረየስ ትዝታ በሐረርና በድሬዳዋ ለመቅዳት

አንድን የቀድሞ ወታደር «ስለ ጦርነቱ ይንገሩኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ የምታገኙት ሁላችንም በሬዲዮ የሰማነውን ነው። የክፍለ ጦሩ ስም ይጠራል፣ የድሉ ቀን ይነገራል፣ ከዚያ ዝምታ ይሆናል። «ካዝናው ስንት ጥይት ይይዝ ነበር? እርስዎስ ስንት ይሞሉበት ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዛውንቱ እጃቸውን ያነሳሉ፤ አውራ ጣታቸው ጥይት እንደሚጭን ሰው ይንቀሳቀሳል፤ «ሙሉውን አንሞላውም፣ ይነክሳል» ይላሉ፤ ጥይቱ ይያዛል ማለታቸው ነው። ይነክሳል ካሉ የት ቦታ እንደነከሰባቸው ትዝ ይላቸዋል። ቦታው ከመጣ አጠገባቸው የነበረው ጓድም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ቀረጻውን ከመሣሪያው ጀምሩ፤ ጦርነቱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ ፔፔሻ፣ ቶምሰን፣ ኡዚና እነሱን የመሰሉ ንዑስ መትረየሶች፣ ማለትም የሽጉጥ ጥይት አከታትለው የሚተኩሱ አጫጭር መሣሪያዎች፣ ይዘው ያገለገሉ ሰዎችን ትዝታ በድምፅ ማስቀረት ለሚፈልጉ ነው። የታሪክ መምህራንን፣ ተማሪዎችንና ከሁሉም በላይ የልጅ ልጆችን አስቦ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ማንን ማስቀደም

በዕድሜ ሂዱ። በ1943 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ የተጓዙ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ከዘጠና ዓመት በላይ ናቸው። በ1950ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ የዘመቱት ሰማንያን አልፈዋል። በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በሐረር፣ በባቢሌ፣ በፈዲስና በድሬዳዋ ዙሪያ የተዋጉት፣ ሚሊሺያዎቹን ጨምሮ፣ ትንሹ ስልሳ አምስትን የተሻገረ ነው። የኋለኞቹ ብዙ ስለሆኑ ቶሎ ይገኛሉ፤ ይህ እንዳያታልላችሁ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰው በሰፈራችሁ እንዳሉ ከሰማችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂዱ።

ሐረር የሦስተኛው ክፍለ ጦር መምሪያና የጦር አካዳሚው ከተማ ስለነበረች፣ ድሬዳዋም የአየር ኃይል ጣቢያ ስላላት፣ ከአገልግሎት በኋላ እዚሁ ቤት ሠርተው የቀሩ ብዙ ናቸው። በቀጥታ በር ከማንኳኳት ይልቅ በእድር ዳኛው በኩል ግቡ፤ በሐረሪዎች ዘንድ ደግሞ በአፎቻ፣ ማለትም በመረዳጃ ማኅበራቸው በኩል። ጡረታ አብረው የሚቀበሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ከተናገረ ሌላውን ራሱ ይጠራላችኋል።

በ1983 የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ብዙዎቹ መታወቂያቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና ሜዳሊያቸውን አቃጥለዋል ወይም ቀብረዋል። «ማስረጃ የለኝም» ብለው ሊያፍሩ ይችላሉ። ወረቀት እንደማትፈልጉ በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

መሣሪያዎቹን አስቀድማችሁ እወቁ

ጠያቂው መሣሪያውን ካላወቀ ተናጋሪው ያሳጥራል፤ «አይገባህም፣ ተወው» ብሎ ያልፋል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አሠራር አለ። ውስጣቸው የሚመላለሰው ብረት ከባድ ነው፤ አብዛኞቹ ሲቀባበሉ ይህ ብረት ወደ ኋላ ተስቦ እዚያው ይቆማል፤ ቃታው ሲሳብ በሞላ ኃይል ወደ ፊት ተወርውሮ ጥይቱን ከካዝናው ነጥቆ ይተኩሳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፣ ሁለቱንም ዘማቾች ያነሳሉ። የመጀመሪያው፣ ብረቱ ወደ ኋላ ቆሞ ሳለ ጎኑ ክፍት ስለሆነ አቧራ ይገባል፤ የኤረር ሸለቆንና የደቻቱን አሸዋ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። ሁለተኛው፣ ሲወድቅ በራሱ የሚተኩስ ነበር። ከመኪና ሲዘለል፣ ከትከሻ ሲወርድ የደረሰ አደጋ ሲነገር ብትሰሙ አትገረሙ፤ የአሠራሩ ጠባይ ነው።

የሶቭየቱን ፔፔሻ የምታውቁት በክቡ ካዝና ነው፤ ጥይቱ 7.62 ሚሊ ሜትር የቶካሬቭ ሽጉጥ ጥይት ነው። ክቡ ካዝና 71፣ ጎባጣው ደግሞ 35 ይይዛል። ባዶውን 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከሙሉ ክብ ካዝና ጋር ወደ 5.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በደቂቃ 900 ጥይት ያህል ስለሚተኩስ ሰባ አንዱ ጥይት በአምስት ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁን የሰማ ሰው ሲያስመስለው እንደ ጨርቅ መቀደድ የተያያዘ ነው። ነጠላውንና ተከታታዩን መምረጫው ከቃታው ፊት ለፊት፣ እዚያው ቀለበቱ ውስጥ ነው። ቀለሁ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ይዘላል፤ «ቀለሁ አንገቴ ውስጥ ይገባ ነበር» የሚል ሰው እውነቱን ነው። ክቡን ካዝና መሙላት ዘገምተኛ ሥራ ነው። ክዳኑ ይነሳል፣ ሞላው ይጠመዘዛል፣ ጥይቱ አንድ በአንድ በቁሙ ይደረደራል። በሌሊት፣ በተንቀጠቀጠ እጅ ይህን መሥራት ምን እንደሚመስል ጠይቁ፤ ከአንድ ሰዓት የጦር ሜዳ ወሬ የበለጠ ትሰማላችሁ። ሌላም አለ፤ ክቡ ካዝና በእግር ጉዞ ላይ ይንኳኳል። ሰርገው የሚገቡ ሰዎች በጨርቅ ይጠቀልሉት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቶምሰን የአሜሪካ ነው፤ ጥይቱ ወፍራም፣ 11.43 ሚሊ ሜትር። ክብደቱ ባዶውን ወደ 5 ኪሎ ግራም ይጠጋልና ሁሉም መጀመሪያ የሚያነሱት ክብደቱን ነው። የቀድሞው ሞዴል መቀባበያው ከላይ ነው፣ ክብ ካዝናም ይቀበላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቀለለው ኤም 1 ደግሞ መቀባበያው በቀኝ ጎን ነው፤ ክብ ካዝና አይገባበትም፣ 20 ወይም 30 ጥይት የሚይዘው ቀጥ ያለ ካዝና ብቻ ነው። ስለዚህ «መቀባበያው የት ነበር?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ሞዴሉን ትለይላችኋለች።

ኤም 3 ያው የቶምሰን ጥይት አለው፤ መልኩ ግን የመካኒክ ዕቃ ይመስላል። ሰደፉ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ወደ ውስጥ ይገፋል። ነጠላ መምረጫ የለውም፤ ግን ፍጥነቱ በደቂቃ 450 ያህል ብቻ በመሆኑ ጣቱ የሠለጠነ ሰው አንድ አንድ ይተኩስበታል። የቀለህ መውጫው ክዳን ሲዘጋ መሣሪያው ይቆለፋል፤ ይህን ያስታወሰ ሰው በእርግጥ ይዞታል።

ስቴን የእንግሊዝ ነው። ካዝናው በግራ ጎን ወደ ውጭ ተጋድሞ ይወጣል፤ 32 ይይዛል ቢባልም 30 ወይም ከዚያ በታች መሙላት የተለመደ ነበር። ካዝናውን እንደ መያዣ አድርጎ የያዘ ሰው ያጣምመዋል፣ ጥይቱም ይነክሳል። አሠልጣኞች የጮኹበት ነገር ይህ ነውና «መያዣው ላይ ስንት ጊዜ ተቆጡዎት?» ብሎ መጠየቅ ያስስቃል፣ ያናግራልም።

የኢጣልያው ቤሬታ ሞዴል 38 ሁለት ቃታ አለው፤ የፊተኛው ነጠላ፣ የኋለኛው ተከታታይ። ካዝናው 10፣ 20፣ 30 ወይም 40 ይይዛል። ዛሬ ይህን ራሱ የያዘ ሰው የማግኘት ዕድል ትንሽ ነው፤ «አባቴ ሁለት ምላጭ ያለው የጣልያን መሣሪያ ነበራቸው» የሚል ልጅ ግን ታገኛላችሁ። መዝግቡት፤ ሁለቱ ቃታ ጠንካራ ፍንጭ ነው።

ኡዚ ትንሿ ናት። ካዝናዋ እጀታዋ ውስጥ ይገባል፤ 25 ወይም 32 ጥይት፣ 9 ሚሊ ሜትር። እጀታዋ ጀርባ ላይ መዳፍ ካልጨበጠው የማያስተኩስ መቆለፊያ አለ።

ንዑስ መትረየስ ያልሆኑ፣ ግን በወሬ የሚቀላቀሉ ሁለት አሉ፤ የአሜሪካው ኤም 1 ካርባይን እና ክላሽ። ክላሽ በተለይ ሁሉንም ይውጣል። ከ1970 በኋላ አሥር ዓመት ክላሽ የያዘ ሰው ከዚያ በፊት የነበረውንም «ክላሽ» ይለዋል። ስሙን ትታችሁ ካዝናውንና ጥይቱን ጠይቁ።

ይዛችሁ የምትሄዱት

እውነተኛ መሣሪያ በፍጹም አይቅረብ። ቤተሰቡ «ይኸው እሳቸው ያስቀመጡት» ብሎ ካወጣ ሳትነኩ፣ ፎቶ ሳታነሱ፣ ቁጥሩን ሳትጽፉ ወደ ቦታው እንዲመለስ ጠይቁና ቀረጻውን ቀጥሉ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ያስጠይቃል፤ ቀረጻችሁ በማንም ላይ ማስረጃ ሆኖ መዋል የለበትም። ማስታወሻ ተብሎ የተቀመጠ ቦምብ ወይም የዛገ ጥይት ከሆነ ደግሞ አትንኩ፣ ክፍሉን ልቀቁ፣ ቤተሰቡ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ምከሩ።

በምትኩ እንጨት ውሰዱ። አናጺ ዘንድ 4 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ በሁለት ቁመት አስቆርጡ፤ 84 ሳንቲ ሜትሩ ለፔፔሻ፣ 65 ሳንቲ ሜትሩ ለኡዚ ይጠጋል። ጫፉን አሸት አድርጉት እንጂ አትቅረጹት፣ አትቀቡት። የመሣሪያ ቅርጽ ያለው እንጨት በፍተሻ ላይ ችግር ያመጣል፤ በዚያ ላይ ቅርጹ ከተሳሳተ ትዝታውን ያሳስታል። ጠፍጣፋ እንጨት ይሻላል፤ እጃቸው ራሱ የጎደለውን ይሞላዋል። ከቻላችሁ አንድ ፌስታል አሸዋ በሚዛን 5.4 ኪሎ ግራም አድርጋችሁ ያዙ። «ይህን ያህል ይከብድ ነበር?» ሲባሉ «ኧረ ከዚህ ይብስ ነበር» ካሉ፣ ምን ምን ተሸክመው እንደነበር መዘርዘር ይጀምራሉ፦ ውኃ፣ ቆሎ፣ የጓደኛ ጥይት።

ፎቶግራፍ ከሆነ በትልቅ ወረቀት የታተመ አምስት ስድስት የተለያየ መሣሪያ አድርጉት፤ ስም አይጻፍበት። አንድ ብቻ ካሳያችሁ «አዎ፣ እሱ ነው» ይባላል፤ ይህ እናንተን ለማስደሰት የተሰጠ መልስ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ደግሞ በኋላ አውጡት። መጀመሪያ በቃል ይግለጹ፣ ቀጥሎ በእርሳስ ይሳሉ፣ ፎቶው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የምትሰሙት ፎቶውን እንጂ ትዝታውን አይደለም።

ሰዓቱና ቦታው

ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ብቻ ሥሩ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አዛውንቱን ያደክማል፣ ቬንቲሌተሩ ይከፈታል፣ የቬንቲሌተር ድምፅ ደግሞ ከቀረጻ ላይ አይወጣም። በከዚራ ሰፈር ጥላ ያለው ጸጥተኛ ግቢ አይጠፋም፤ መጋላ ሰፈር ከሆነ ወደ ኋለኛው ክፍል ግቡ፣ የባጃጁ ጥሩምባ ከመንገዱ ዳር አያስቀዳም። ሐረር ላይ ሐምሌና ነሐሴ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ መቅዳት ከዝናቡ ጋር መጋፋት ነው። ጀጎል ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ምንጣፋቸው ብዙ ስለሆነ ድምፅ ለመያዝ በጣም ጥሩ ናቸው። የአዛንና የቅዳሴ ሰዓትን አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ አርብ ለሙስሊሙ፣ እሑድ ለክርስቲያኑ አትያዙ።

ስለ ጫት በግልጽ መናገር ይገባል። በበርጫ ላይ ጨዋታው ይደራል፤ ግን አፍ የሞላ ሰው ድምፁ አይጠራም፣ ሌሎችም ይገባሉ፣ በምርቃና ሰዓት አምስቱ አሥር ይሆናል። እኛ የምንመክረው የመጀመሪያውን ጉብኝት በበርጫው ወይም በቡናው ላይ ያለ መቅጃ አድርጋችሁ መተዋወቅ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ ማዳመጥ፣ ቀረጻውን ግን በሌላ ቀን ጠዋት ለብቻ ማድረግ ነው። ቡና ከተፈላ መቅጃው ረከቦቱ አጠገብ አይቀመጥ፤ የሲኒው ኳኳታ ከሰውየው ድምፅ ይበልጣል።

መቅጃው

ልዩ ማሽን ባይኖራችሁ ስልክ ይበቃል፤ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ባትሪውን ሙሉ፣ ፓወር ባንክ ያዙ። ድሬዳዋም ሐረርም መብራት ይጠፋል። ከተቻለ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ላይ ስኩ፤ ነጠላው ወይም ጋቢው እንዳይፋተግበት ከልብሱ በላይ ይሁን። ቀረጻው በዌቭ ፎርማት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን። በአንድ ማይክሮፎን ይህ በሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ስልኩ ላይ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀድታችሁ በጆሮ ማዳመጫ አድምጡ። ሙከራ ሳይሰማ የተጀመረ ቀረጻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በማይክሮፎኑ ገመድ ነው፤ በደንብ ሳይሰካ ይቀርና ስልኩ ከሩቅ በራሱ ማይክሮፎን ይቀዳል።

ተናጋሪው ጆሯቸው የደከመ መሆኑ አይቀርም፤ ንዑስ መትረየስ ከጆሮ ቅርብ ነው የሚተኮሰው። የተኩስ ጉዳት ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ስ፣ ሽ እና ፍ አይሰሙም፣ የሴትና የልጅ ድምፅ ይከብዳል። አትጩኹ። ድምፃችሁን አውርዳችሁ፣ ዝግ ብላችሁ፣ ከንፈራችሁ እንዲታይ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ተናገሩ። የትኛው ጆሮ እንደሚሻል ጠይቁና በዚያ በኩል ሁኑ። በነገራችን ላይ የትኛው ጆሮ እንደተጎዳ ራሱ የትዝታ በር ነው፤ መሣሪያውን በየትኛው ትከሻ ይይዙ እንደነበር፣ አጠገባቸው ማን ይተኩስ እንደነበር ያመጣል።

ፈቃድ

ቀረጻው ሳይጀመር ፈቃድ ይጠየቅ፣ ፈቃዱም በድምፅ ይቀዳ። ሦስት ምርጫ ስጡ፦ ለቤተሰብ ብቻ፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለተመራማሪ፣ ወይም ለሕዝብ። ስማቸው እንዲጠቀስና እንዳይጠቀስ ለየብቻ ጠይቁ። የሌላ ሰው ስም በክፉ ከተነሳ ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ አይቀመጥ። ይህ አካባቢ በ1969 ከአንድ ሰፈር ሰዎች በተለያየ ወገን የተሰለፉበት ነው፤ ልጆቻቸው ዛሬ አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ሁለት ወገን የነበሩ ዘማቾችን በመጀመሪያው ቀረጻ አንድ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ሁለቱንም ግን ለየብቻቸው በእኩል አክብሮት ቅዱ።

«ስንት ሰው ገደሉ?» አይጠየቅም። ራሳቸው ካነሱት ሳታቋርጡ አዳምጡ። ድምፃቸው ከተቆረጠ፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም አንዱን ነገር ደጋግመው መናገር ከጀመሩ «ላቁመው?» በሉና ውሳኔውን ለእሳቸው ተዉት። ከባድ ነገር ከተነገረ በኋላ ዕቃ ሰብስቦ መውጣት ነውር ነው። ቆዩ፣ ስለ ልጆቻቸው ተጫወቱ፣ በማግሥቱ ደውሉ።

ጥያቄዎቹ

በማዕረጋቸው ጥሩ፤ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ። ማዕረጉን ካላወቃችሁ ጋሼ ወይም አባባ ይበቃል፤ «አንቱ» ግን አይቅር፣ የገዛ አያታችሁ ቢሆኑም እንኳ በቀረጻው ላይ ያምራል። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሁላችሁንም ስም በድምፅ ተናገሩ።

ከዚያ እንጨቱን በሁለት እጅ ስጡ። ንግግሩ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ሃምሳ አለቃ፣ ይህን መሣሪያዎ ነው ብለው ይያዙልኝ። ግራ እጅዎ የት ነበር የሚያርፈው?»

«እዚህ፣ ከክቡ ካዝና ኋላ።»

«ግራ እጅዎን ከካዝናው ኋላ፣ ከቃታው ቀለበት ፊት አድርገዋል። ለምን እዚያ?»

«ፊቱማ ይግላል፤ ያ ቀዳዳ ቀዳዳው ብረት እጅ ያቃጥላል።»

የጠያቂውን ሁለተኛ ንግግር ልብ በሉ። መቅጃው እጅ አያይም፤ «እንዲህ» የሚባለውን ሁሉ እናንተ በቃል ካላስቀመጣችሁት ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያዳምጠው ሰው ባዶ ይሰማል። ይህን አንድ ልማድ የያዘ ጠያቂ ከማንኛውም ውድ ማይክሮፎን ይበልጣል።

ቀጥሎ መሣሪያው ማን እጅ፣ የት ቦታ እንደተሰጣቸው፤ አዲስ ነበር ወይስ የሌላ ሰው ላብ የጠገበ፤ የተማረከ ከሆነ ከማን፤ ቁጥሩን ያስታውሱ እንደሆነ። የመሣሪያ ቁጥሩን ከልጁ የልደት ቀን አስቀድሞ የሚያስታውስ ወታደር ብዙ ነው። ከዚያ ወደ ዕለት ኑሮው ሂዱ፦ በምን ይወለወል ነበር፣ ዘይት ሲያጡ ምን ይቀቡ ነበር፣ ሲተኙ የት ያደርጉት ነበር፣ ስንት ካዝና በምን ይሸከሙ ነበር፣ ባዶው ካዝና ይጣላል ወይስ ይሰበሰባል። ካዝና መጣል በብዙ ክፍሎች ያስቀጣ ነበርና ይህ ጥያቄ ስለ አለቆችም ያናግራል።

ስለ ብልሽት ስትጠይቁ ነከሰና ከሸፈን ለዩ። መንከስ ጥይቱ ሲገባ ወይም ቀለሁ ሲወጣ መያዙ ነው፤ ምክንያቱ የታጠፈ የካዝና ከንፈር፣ አቧራ ወይም የደከመ ሞላ ነው። መክሸፍ ጥይቱ ተመትቶ አለመነሳቱ ነው፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ የጥይቱ እርጅና ወይም እርጥበት ነው። «ሲነክስ ምን ያደርጉ ነበር፣ በእጅዎ ያሳዩኝ» በሉ፤ እጁ የሚያደርገውን በቃል ድገሙ። ከዚያ በኋላ ብቻ «ይህ የደረሰበት አንድ ቀን ትዝ ይልዎታል?» ብላችሁ ዝም በሉ። በልባችሁ አሥር እስክትቆጥሩ ድረስ ሌላ ጥያቄ አትጨምሩ። ምርጡ ነገር ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው።

መጨረሻ ላይ መሣሪያውን እንዴት እንደተለዩት ጠይቁ፦ ለማን አስረከቡ፣ በምን ተተካ። በ1969 እና በ1970 መካከል ሠራዊቱ ከአሜሪካ ወደ ሶቭየት መሣሪያ ተዛውሯል፤ ባንዱ ሠልጥኖ በሌላው የተዋጋ ሰው ልዩነቱን በጣቱ ያውቀዋል።

አንድ ቀረጻ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ።

ዘመንን በመሣሪያ ማጣራት

ሰው ዓመት ይስታል፤ መሣሪያው ግን ልደት አለው። ቤሬታ ሞዴል 38 በ1930 እና 1931 ገደማ የወጣ ነው፤ መጀመሪያ የታጠቀውም የኢጣልያ አፍሪካ ፖሊስ ነው። ስለዚህ በ1928ቱ የማይጨው ጦርነት ላይ ሊኖር አይችልም፤ እንግሊዞች ሐረርና ድሬዳዋ በገቡበት በመጋቢት 1933 ግን ይችላል። ፔፔሻና ስቴን ከ1933 ወዲህ፣ ኤም 3 ከ1935 ወዲህ፣ ኡዚ ከ1946 ወዲህ ናቸው። ቦታዎችንም ከታወቁ ቀኖች ጋር አስተያዩ፦ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ያጠቃው በነሐሴ 1969፣ ጅጅጋ የተያዘችው በመስከረም 1970 መጀመሪያ፣ የተመለሰችው በየካቲት 26 ቀን 1970 ነው። «ካራማራን ስንሻገር ፔፔሻዬን መልሼ ክላሽ ይዤ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር እነዚህን ካወቃችሁ ሙሉ የጊዜ ሰሌዳ ይሆናል።

ማጣራት ግን ቶሎ መካድ አይደለም። የቃኘው ዘማች ኮሪያ ላይ ክብ ካዝና ያለው መሣሪያ አየሁ ቢሉ አትሰርዙት፤ ቻይናዎች የፔፔሻን ቅጂ ራሳቸው ሠርተው ታጥቀዋል። ልክ ያልሆነ ነገር ከሰማችሁም ፊት ለፊት አታርሙ። ያረማችኋቸው አዛውንት ከዚያ ወዲያ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ሁሉ ይተዋሉ፣ ከሚተዉት ውስጥ እውነተኛው ይበዛል። በማስታወሻ ደብተራችሁ ደቂቃውን ጻፉ፤ በሁለተኛው ጉብኝት በሌላ በኩል ዞራችሁ ጠይቁ።

ትልቁ እንቅፋት የሚመጣው ከቤተሰብ ነው። ልጅየው «አባዬ፣ ያንን ታንክ ያቃጠልክበትን ንገራቸው» ይላል፤ አባትየው መቶ ጊዜ የተነገረውን ይደግማሉ። ቤተሰቡን በአክብሮት ከክፍሉ አስወጡ፤ ወይም ያን ታሪክ መጀመሪያ አስነግራችሁ ጨርሱና ወደ እንጨቱ ተመለሱ።

ከቀረጻው በኋላ

በዚያው ቀን ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። ስሙን በዓመት፣ በወር፣ በቀን፣ በከተማና በመለያ ቁጥር ስጡት፤ የተናጋሪው ስም በፋይሉ ስም ላይ አይውጣ። የአንድ ሰዓት ንግግር በጽሑፍ ለመገልበጥ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ይጠይቃል። የሐረርና የድሬዳዋ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማሊኛ ይቀላቅላል፤ እንደተነገረው ጻፉት፣ ትርጉሙን በግርጌ አድርጉ። «ይህ ነገር» «ያ ነገር» የሚባለውን፣ መሳቁን፣ ማቆሙን ሳይቀር በቅንፍ አስቀምጡ። የሥዕሉን ወረቀት ከቀረጻው ቁጥር ጋር አያይዙ፤ አዛውንቱ ራሳቸው ይፈርሙበት።

ሕዝብ እንዲያገኘው ከፈቀዱ አንድ ቅጂ ለሐረማያ ወይም ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አቅርቡ፤ የፈቃዱን ቅጽ አብራችሁ ስጡ። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ቅጂ በፍላሽ ብቻ አይሁን፤ የተጻፈውን በትልቅ ፊደል፣ 16 ነጥብ አድርጋችሁ አሳትሙ። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ያን ጽሑፍ ይዛችሁ ተመለሱ፣ አንብቡላቸው፣ መቅጃውን እንደገና ክፈቱ። የሚያርሙትን በቀይ ጻፉ፤ የመጀመሪያውን ቃል ግን አትደምስሱ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ።